የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለተሻሻለ ሞተር የሚመጥን አልተርኔተር

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ባለ 5.0 ሊትር ሞተር የሆነች የ1990 ሥሪት ፎርድ ሙስታንግ አለችኝ። ቴስታታውንና ካምሻፍቱን ቀይሬ፣ ከፋብሪካው ያነሰ የክራንክ ፑሊ (በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ ሆኖ ሌሎች ክፍሎችን በቀበቶ የሚያዞረውን መዘውር) ገጥሜያለሁ። በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋ የነዳጅ ፓምፕ አስገብቻለሁ፤ በሞተሩ የሚዞረውን ማራገቢያም ከፎርድ ታውረስ በተወሰደ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ተክቻለሁ። መጠነኛ የድምፅ ማጉያም አላት። በበጋ ምሽት መንገድ ሲጨናነቅ መብራቱ ይደክማል፣ የቮልት መለኪያውም ይወርዳል። አንድ ሻጭ ባለ 250 አምፔር አልተርኔተር (በሞተሩ እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ) ግዛ ይለኛል፤ ጓደኛዬ ደግሞ ትልቅ አልተርኔተር የሞተሩን ጉልበት ይበላል፣ ሽቦውንም ያቃጥላል ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
አንባቢ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ሻጩም ጓደኛዎም የተነጋገሩት አልተርኔተሩ ላይ ስለታተመው ቁጥር ነው፤ እርስዎን የሚያስቸግርዎ ግን ያ ቁጥር ጨርሶ በማይታይበት ሁኔታ ውስጥ የሚፈጠር ነገር ነው። የአልተርኔተር መጠሪያ አምፔር የሚለካው አልተርኔተሩ ራሱ በደቂቃ 6,000 ዙር እየዞረ፣ የአካባቢው ሙቀትም 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሆኖ ነው። የእርስዎ መብራት የሚደክመው ግን ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር) ሲሠራና ከኮፈኑ ሥር ያለው አየር ሲግል ነው፤ በዚያ ሰዓት አብዛኛው አልተርኔተር ከታተመበት ግማሹን ያህል፣ አንዳንዱም ከዚያ ያነሰ ነው የሚሰጠው።

በዚህ ላይ የቀየሩት ፑሊ አለ። ለምሳሌ የክራንኩ ፑሊ ከአልተርኔተሩ ፑሊ 2.5 ጊዜ የሚበልጥ ቢሆን፣ በ800 ዙር ሚኒሞ አልተርኔተሩ 2,000 ዙር ይዞራል፤ የክራንኩ ፑሊ በሩብ ሲያንስ ግን ወደ 1,500 ይወርዳል፣ በዚህ ፍጥነት ደግሞ ብዙዎቹ አልተርኔተሮች ገና ማመንጨት መጀመራቸው ነው። እንዲህ ያለው ፑሊ ለአጭር የፍጥነት ውድድር ብቻ ለሚነዳ መኪና ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ በከተማ ለሚነዳ ግን ጥቂት የፈረስ ጉልበት አትርፎ የኤሌክትሪክ ድህነት መግዛት ነው። ስለዚህ አዲስ አልተርኔተር ከመግዛትዎ በፊት የፋብሪካውን ፑሊ ይመልሱ። የአልተርኔተሩን ፑሊ አሳንሶ ጉድለቱን ማካካስ ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ሆኖም ሞተሩ 6,000 ዙር ሲደርስ የፑሊዎቹ ንጽጽር 3 ለ 1 ከሆነ አልተርኔተሩ 18,000 ዙር ስለሚዞር፣ ብዙዎቹ ሊሸከሙት ወደሚችሉት ጫፍ ይደርሳል።

አሁን ፍላጎትዎን እንገምት። ማራገቢያው በከፍተኛ ፍጥነት 35፣ የነዳጅ ፓምፑ 13፣ ማቀጣጠያው፣ ኮምፒዩተሩና ኢንጀክተሮቹ 15፣ መብራቶቹ 14፣ የአየር ማቀዝቀዣው ከነንፋስ ማስገቢያው 18፣ ድምፅ ማጉያው በአማካይ 15 አምፔር ቢወስዱ፣ ድምሩ 110 ይሆናል። የእርስዎ መኪና ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው አልተርኔተር በተለምዶ 2ጂ (ሁለተኛ ትውልድ) የሚባለው ባለ 75 አምፔር ነው። ይህን ሁሉ ጭነት እንዲሸከም መጠበቅ አይገባም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን አቅሙ ሳይሆን መሰኪያው ነው። በ2ጂ ላይ ወደ ባትሪ የሚሄደው ኃይል ሁሉ የሚያልፈው በጎኑ ባለ የፕላስቲክ መሰኪያ ሲሆን፣ ይህ መሰኪያ ከጊዜ በኋላ እየላላና እየጋለ እስከ መቃጠል በመድረስ በሙስታንግ ባለቤቶች ዘንድ የታወቀ ነው። የፕላስቲኩ ቀለም ተለውጦ ካዩ መኪናዋን ሳያስተካክሉ አይንዷት። በ1994 እና በ1995 ሙስታንግ ላይ የመጣው ባለ 130 አምፔር 3ጂ (ሦስተኛ ትውልድ) አልተርኔተር ኃይሉን የሚያወጣው በብሎን በሚታሰር ተርሚናል ስለሆነ ይህ ድክመት የለበትም፤ በእርስዎ ሞተር ላይም በመያዣው ብረት ላይ አነስተኛ ሞረዳ ብቻ ጠይቆ ይገጠማል።

እንግዲህ 130 ወይስ 250? ከሻጩ መጠየቅ ያለብዎት አልተርኔተሩ ከጋለ በኋላ በ2,000 ዙር ስንት አምፔር እንደሚሰጥ የሚያሳይ የፍተሻ ወረቀት ነው። የስታተሩ (የአልተርኔተሩ የማይዞር ክፍል) ሽቦ በወፍራሙና በጥቂት ዙር ሲጠቀለል ከፍተኛው አምፔር ያድጋል፣ ማመንጨት የሚጀምርበት ፍጥነት ግን ይዘገያል፤ በዚህ ምክንያት 250 የተጻፈበት አልተርኔተር በሚኒሞ ከፋብሪካው 3ጂ ያነሰ ሊሰጥ ይችላል። ወረቀቱ በዚያ ፍጥነት 100 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ይግዙት። ወረቀት ከሌለው ግን ባለ 130ውን 3ጂ ይግጠሙ፣ ሚኒሞውን ወደ 900 ከፍ ያድርጉ፣ ማራገቢያውም ሁለት ፍጥነት ስላለው በአብዛኛው በዝቅተኛው እንዲሠራ ያድርጉ፤ እኔ በበኩሌ ከዚህ እጀምራለሁ።

የጓደኛዎ ስጋት በከፊል ልክ ነው። አልተርኔተር ከሞተሩ የሚወስደው በዚያ ቅጽበት የሚጠየቀውን ኃይል እንጂ የታተመበትን አይደለም፤ 80 አምፔር ሲጠየቅ ትልቁም ትንሹም ተቀራራቢ ጉልበት ይወስዳሉ። 130 አምፔር በ14 ቮልት 1,820 ዋት ነው፤ ብቃቱን 55 በመቶ ብንወስደው ከሞተሩ የሚወጣው 4.4 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። ሽቦን በተመለከተ ግን ጓደኛዎን ይስሙ፦ የዱሮዎቹን ቀጫጭን ሽቦዎች ሳይታመኑ ከአልተርኔተሩ እስከ ባትሪው አዲስ ባለ 4 ጌጅ ወፍራም ኬብል ይዘርጉ፣ ባትሪው አጠገብም ለኬብሉ የሚመጥን ፊውዝ ያስገቡ። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው እንዲህ ያለ ኬብል 130 አምፔር ሲያልፍበት የሚያጠፋው 0.2 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ከሞተሩ ወደ ቦዲውና ወደ ባትሪው የሚሄደው የማሳ (የኔጋቲቭ) ገመድም በዚያው ልክ መወፈር አለበት፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳል።

ሥራው ሲያልቅ ሞተሩን በሚገባ አግለው፣ ሁሉንም ነገር አብርተው፣ በሚኒሞ ላይ የባትሪውን ቮልት ይለኩ፤ 13.5 አካባቢ ከቆመ ጥሩ ነው። ቀጥሎ የቮልት መለኪያውን አንድ ጫፍ በአልተርኔተሩ ተርሚናል፣ ሌላውን በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ያድርጉ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበቡ ጉድለቱ ያለው በኬብሉ ወይም በማያያዣዎቹ ላይ ስለሆነ፣ አልተርኔተሩን ወደ ሻጩ ከመመለስዎ በፊት እነርሱን ፈትተው ያጽዱ።