ዝም ሲሉ የሚሰማው የማን ድምፅ ነው?

ጥያቄ፦ ሂንዱዎች በተመስጦ ዝም ብለው ሲቀመጡ አምላክ ከውስጥ ይመራናል ይላሉ። የሰሙት የገዛ ምኞታቸው አለመሆኑን በምን ያውቃሉ? (ከሐዋሳ አንባቢ)

መልስ፦ ህንድ አገር፣ ቼናይ ከተማ ስማር ይህንኑ ጥያቄ አከራዬን ጠይቄያቸው ነበር። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «አማ» ይላቸዋል፣ እናት ማለት ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተው ይታጠባሉ፣ የዘይት መብራት ያበራሉ፣ እግራቸውን አጣጥፈው ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ያን ሰሞን ልጃቸው «የአባቴን መሬት እንሽጥ» እያለ ይጨቀጭቃቸዋል።

«ታዲያ አምላክ ምን አለዎት?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «እሱ መቼ ይለፈልፋል! የምለፈልፈው እኔ ነኝ። የሚቸኩለው ሐሳብ የእኔ ነው። ሰንብቶም ያው ሆኖ የሚቆየውን ነው የማምነው።»

ብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ የሚባለው ጥንታዊ የሂንዱ መጽሐፍ አምላክን «አንታርያሚን» ይለዋል፤ ውስጥ ሆኖ የሚያስተዳድር እንደማለት። ግን እዚያ ውስጥ መድረሱ ቀላል አይደለም። ባጋቫድ ጊታ በተባለው ሌላ የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ ጦረኛው አርጁና፣ ልብን መያዝ ነፋስን እንደመያዝ ነው ብሎ ያማርራል። የሚያስተምረው አምላክ ክሪሽናም አልካደውም፤ በልምምድና ከምኞት በመላቀቅ ይያዛል አለው። የእኔማ በአሥር ደቂቃ መርካቶ ደርሶ ይመለስ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አማ ቲሩቫናማላይ ወደምትባል ከተማ ላኩኝ። የሂንዱ መምህሩ ራማና ማሃርሺ እ.ኤ.አ. በ1896 በ16 ዓመቱ አሩናቻላ ተራራ ሥር የመጣው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 እስኪሞት ድረስ ከዚያ አልወጣም። ዋና ትምህርቱ ዝምታ ነበር። ሰው ጥያቄ ሲያበዛበት፣ «ጠያቂው ማን ነው?» ብሎ ይመልስለታል። ጫማዬን ደጅ አውልቄ እሱ ይቀመጥበት ወደነበረው አሮጌ አዳራሽ ገባሁ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ውጭ ፒኮክ ይጮኻል። እግሬ ደነዘዘ። ከሰማይ ምንም አልመጣም። የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከተጣላሁት ጓደኛዬ ጋር በሐሳቤ ስከራከር። በክርክሩ ሁሉ አሸናፊው እኔ! ያን ድምፅ ወራት ሙሉ «ኅሊናዬ» ስለው ኖሬያለሁ።

ጋንዲም ሰኞ ሰኞ አይናገርም ነበር፤ የግድ ከሆነ ወረቀት ላይ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ1933 የ21 ቀን ጾም ሲጀምር ድምፅ ሰምቻለሁ አለ፣ ብዙዎች ተጠራጠሩት። እሱ ራሱም ቢሆን ሰማሁ ያለ ሁሉ ሰምቷል አይልም፤ ረጅም ራስን መግዛት ይቅደም ባይ ነበር። እኔም ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም።

የአማ መሬት? እኔ አገሬ ስገባ አልተሸጠም ነበር። ልጁም መጨቅጨቁን አልተወም።