«ድምፅ የለኝም፤ ምን አገባኝ?» ላለችኝ ልጅ፦ ስለ ሲታክ 77 ድምፅ

የኔ ልጅ፣

ግሪን ካርድሽን ካገኘሽ ሁለት ዓመት እንደሆነሽ ነገርሽኝና «ድምፅ መስጠት የማልችል ሰው በዚህች ከተማ ፖለቲካ ምን አገባኝ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ጥያቄሽ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። መልሱ ለሲያትልና ለአካባቢዋ እኩዮችሽም ስለሚሆን በደብዳቤ አደረግሁት።

ቁጭቱ የሲታክ ነው። ሲታክ የሲያትልን ኤርፖርት በውስጧ የያዘች፣ በ2013 ገደማ 27,000 ያህል ሰው ይኖርባት የነበረች ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 አላስካ ኤርላይንስ 500 የሚጠጉ ሻንጣ ጫኞቹን አሰናብቶ ሥራቸውን ለኮንትራክተር ሰጠ። ሻንጣው ያው፣ አውሮፕላኑም ያው፤ የሰዓት ክፍያው ግን በብዙ ዶላር ወረደ። ዊልቸር የሚገፋው፣ አውሮፕላን የሚያጸዳው፣ ነዳጅ የሚሞላው፣ ፓርኪንግ ላይ የሚያድረው ብዙው ሰው ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣ ነው፤ ሐበሻው አለ፣ ሶማሌው አለ። በ2013 የዋሽንግተን ስቴት ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 9.19 ዶላር ነበር። በዚያ ደሞዝ ሁለት ሥራ ይዞም የቤት ኪራይ አይደፈርም።

ሠራተኞቹና ማኅበሮቻቸው የከተማው ምክር ቤት እስኪራራላቸው አልጠበቁም። በዋሽንግተን ስቴት ሕዝቡ ራሱ ሕግ አርቅቆ፣ ፊርማ አሰባስቦ ለድምፅ የሚያቀርብበት መብት በሕገ መንግሥቱ የገባው በ1912 ነው፤ ኢኒሼቲቭ ይሉታል። የባቡርና የእንጨት ኩባንያዎች በሕግ አውጪዎቹ ላይ እንዳሻቸው ያዙ በነበረበት ዘመን ገበሬውና ሠራተኛው ታግለው ያስገቡት ነው። ከተሞችም የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ እንደ ሲታክ ላለች ከተማ ከተመዘገቡት መራጮች የ15 በመቶው ፊርማ ያስፈልጋል።

ሠራተኞቹና ማኅበሮቻቸው ያረቀቁት ሕግ «በሰዓት 15 ዶላር» በሚለው ዝቅተኛ ክፍያ ብቻ ይታወሳል፤ ውስጡ ግን የበለጠ ነበር። ለ40 የሥራ ሰዓት አንድ ሰዓት የሕመም ፈቃድ ከነክፍያው፣ ኮንትራክተር ሲቀየር ነባሩን ሠራተኛ ለ90 ቀን ማቆየት፣ አዲስ ሰው ከመቅጠር በፊት ትርፉን ሰዓት ለፓርት ታይም ሠራተኛ ማቅረብ፣ ጉርሻው የሠራተኛው እንዲሆን። የእንጀራን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እንዳረቀቀው ያስታውቃል።

ከዚያ የፊርማው ጣጣ መጣ። የስቴቱ ሕግ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ከፈረመ የመጀመሪያውም ጭምር ይሰረዝ ይል ነበር። አንዱ በር አንኳኩቶ ያስፈረመውን ሌላው ሱቅ ደጃፍ ያገኘዋል፤ ሰውየው «ያኛው ባይደርስ» ብሎ ይደግማል፤ ሁለቱም ይጠፋሉ። ተቃዋሚዎቹ ይህን ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱና ዳኛዋ ፊርማው ጎድሏል ብለው ጉዳዩን ከምርጫው አስወጡት። በሴፕቴምበር 2013 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያንን ድንጋጌ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረውና ጉዳዩ ለጥቂት ወደ ምርጫው ተመለሰ። ፔቲሽን፣ ማለትም የፊርማ ማሰባሰቢያ ወረቀት፣ የምትይዙ ልጆች፣ ከሚፈለገው ቢያንስ አንድ ሦስተኛ ትርፍ ሰብስቡ። ፈራሚው በዚያችው ከተማ የተመዘገበ መራጭ መሆን አለበት፤ የጎረቤቷ ከተማ የኬንት ነዋሪ ለሲታክ ቢፈርም ወረቀት ማባከን ነው።

ኖቬምበር 5 ቀን 2013 ድምፅ ተሰጠ። ሁለቱ ወገኖች ለዚያች ትንሽ ከተማ በድምሩ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሰዋል። ድምፅ የሰጠው 6,000 ገደማ ሰው ነበር፤ ቆጠራው ሲያበቃ ሕጉ በ77 ድምፅ ብልጫ አለፈ። ሰባ ሰባት! አንድ ትልቅ አፓርትመንት ውስጥ ከዚያ የበለጠ ሰው ይኖራል። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ዳኛዋ ሕጉ ከኤርፖርቱ ውጪ ባሉት ሆቴሎችና ፓርኪንጎች ላይ እንጂ ኤርፖርቱ ውስጥ አይሠራም አሉ፤ ኤርፖርቱ በሲያትል ወደብ አስተዳደር ሥር ነው በሚል። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን የገለበጠው በኦገስት 2015፣ 5 ለ4 ነው። ያን ያህል ጊዜ ዊልቸር የሚገፋው ሰው 15ቱን ዶላር ሳያገኝ ቆየ።

የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። ያ ሕግ የብዙ ወገኖቻችን እንጀራ ሆኖ ሳለ ድምፅ መስጠት የቻሉት ጥቂት ነበሩ። ብዙዎቹ የሚኖሩት ኬንት፣ ታክዊላ፣ ሬንተን ወይም ደቡብ ሲያትል ነው፤ ይህ ግድ ነው። ሲታክ ውስጥ እየኖሩ፣ ጊዜያቸው ሞልቶ፣ የዜግነቱን ቅጽ ዛሬ ነገ ሲሉ የቆዩት ናቸው አንጀቴን የሚያቃጥሉት። ድሉ በ77 ሰው ጫንቃ ላይ ቆመ፤ ትንሽ ነፋስ ቢነፍስ ይወድቅ ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ ቀንሽን ከአሁኑ ቁጠሪ። ኤን-400 የሚባለውን የዜግነት ማመልከቻ ቅጽ ግሪን ካርድ ካገኘሽ አምስት ዓመት ከመሙላቱ 90 ቀን ቀድመሽ ማስገባት ትችያለሽ፤ ከዜጋ ጋር በትዳር ለሚኖር ሦስት ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ ግን በምንም ምክንያት መራጭ ሆነሽ እንዳትመዘገቢ። መንጃ ፈቃድ ስታወጪ ጸሐፊው «ልመዝግብሽ?» ቢልሽ፣ ዜጋ አይደለሁም በይ። በስህተት ተመዝግቦ ድምፅ የሰጠ ሰው ዜግነት ሊከለከል፣ ከአገርም ሊባረር ይችላል።

ዜጋ ለሆናችሁት ደግሞ፣ የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ የሚጣለውም በፊርማ ጉድለት ነው። ፖስታው ላይ ያለው ፊርማ አብዛኛውን ጊዜ ከመንጃ ፈቃዱ ፊርማ ጋር ይመሳከራል። እናቶቻችን አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ ይፈርማሉ፤ የካውንቲው ምርጫ ቢሮ ፊርማው አልገጠመም ብሎ ደብዳቤ ሲልክ ማስታወቂያ መስሏቸው ይጥሉታል። ውጤቱ ከመጽደቁ በፊት ማስተካከል ይቻላል፤ ለኖቬምበሩ ምርጫ ማጽደቂያው 21ኛው ቀን ነው። 77 ድምፅ ማለት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ማለት ነው። የእናታችሁን ፖስታ ክፈቱላቸው።

የዛሬ ልጆች ያገር ቤቱን ፖለቲካ በስልክ ሌሊቱን ሙሉ ትከታተላላችሁ፤ ቤታችሁ ያለበትን ወረዳ የሚወክለውን የምክር ቤት አባል ስም ብጠይቅ ዝም ትላላችሁ። ይህን ስል ደግሞ አዝናለሁ፤ ለወላጅ ቅጽ የሚሞላው፣ ሐኪም ቤት የሚያስተረጉመው እናንተው ናችሁ። ከእናንተ በላይ ወረቀት የሚችል የለም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሲያትል ውስጥ የምትኖሪ ከሆነ ድምፅ ባይኖርሽም 100 ዶላር አለሽ። በ2015 መራጮች ኢኒሼቲቭ 122ን አጸደቁና ከ2017 ጀምሮ በምርጫ ዓመት ለነዋሪው እያንዳንዳቸው 25 ዶላር የሆኑ አራት የዲሞክራሲ ቫውቸሮች ይላካሉ። ገንዘቡ ከንብረት ግብር ነው፤ በኦገስት 2025 መራጩ ለሌላ 10 ዓመት አድሶታል። ቫውቸሩን ለመረጥሽው ዕጩ የምርጫ ዘመቻ መዋጮ አድርገሽ ትሰጫለሽ። 18 ዓመት የሞላው ግሪን ካርድ ያለው ሰውም ይገባዋል። ለተመዘገበ መራጭ በራሱ ጊዜ ይመጣለታል፤ አንቺ ግን ለከተማው የሥነ ምግባርና የምርጫ ኮሚሽን ማመልከት አለብሽ። መመሪያው በአማርኛም አለ።

ስምሽንና ቀኑን ጻፊ፣ ፈርሚ፣ በፖስታ ወይም በኢንተርኔት ላኪ፣ ወይም ለዕጩው ቡድን በእጅሽ ስጪ። ከሰጠሽ በኋላ መመለስ የለም። መሸጥም በሌላ ነገር መለወጥም ወንጀል ነው። ዕጩው በፕሮግራሙ የገባ መሆኑን አስቀድመሽ አረጋግጪ፤ ለወረዳ ወንበር የሚወዳደር 150 ፊርማና እያንዳንዱ ቢያንስ 10 ዶላር የሆነ 150 መዋጮ ሰብስቦ ነው የሚገባው። አትዘግዪ፤ ዕጩው የወጪ ጣሪያው ላይ ከደረሰ ቫውቸርሽ አይሠራለትም።

በመጀመሪያው ዓመት ቫውቸሩን የተጠቀመው ከ100 ነዋሪ 4 እንኳ አልሞላም። 50 አባላት ያሉት እድር ቫውቸሩን ቢያሰባስብ 5,000 ዶላር ነው፤ እድር ደግሞ ደብተር መያዝ፣ አባል መቁጠር፣ ቀን መጠበቅ ያውቅበታል። ያ ዕጩ ስለ ታክሲ ፈቃድም ስለ ኪራይም ሊያናግራችሁ ይመጣል።

ቫውቸር ሁሉን ይፈውሳል አልልም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 የዕጩን ወጪ በግዴታ መገደብ አይቻልም ብሏል፤ ለዚህ ነው የሲያትሉ ጣሪያ በፈቃደኝነት የሆነው። በ2010 ደግሞ ኩባንያዎች ከዕጩ ተለይተው እስካወጡ ድረስ ገደብ የለባቸውም አለ። በ2019 በሲያትል ከተማ ምክር ቤት ምርጫ አማዞን ለሲያትል ንግድ ምክር ቤት የፖለቲካ ኮሚቴ ከ1.4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጠ። ቢሆንም ለውድድር ከቀረቡት ሰባት ወንበሮች ኮሚቴው የደገፋቸው ዕጩዎች ያሸነፉት ሁለቱን ብቻ ነው።

የራሳችሁን ገንዘብ ስታዋጡ አንድ ጥንቃቄ አለ። በእራት ግብዣ ላይ አንዱ ከፍሎ የአምስት ሰው ስም ማስመዝገብ እንደ ደግነት ይቆጠራል፤ ሕጉ ግን በሰው ስም መስጠትን ይከለክላል። በተማሪ ቪዛ ወይም በሥራ ፈቃድ ብቻ ያለ ሰው ግሪን ካርድ እስኪያገኝ ለማንኛውም ዕጩ፣ ለከተማም ቢሆን፣ ማዋጣት አይችልም።

የሲያትል ከተማ ምክር ቤት ፊት ለመናገርም ዜግነት አይጠየቅም። ከንቲባው በጀቱን የሚያቀርቡት በሴፕቴምበር መጨረሻ ነው፤ ምክር ቤቱ እስከ ኖቬምበር ያሻሽለዋል። ታኅሣሥ ላይ ሄዶ የሚያለቅስ ብዙ ነው፤ አንቺ በኦክቶበር ሂጂ። የሚሰጥሽ ሁለት ደቂቃ ወይም ከዚያ ያነሰ ስለሆነ ገጽ ሙሉ አትጻፊ፤ የበጀቱን መስመር፣ የምትጠይቂውን የገንዘብ መጠንና የምትኖሪበትን ወረዳ ተናግረሽ ውረጂ፤ ጽሑፉንም በዚያው ቀን ለወረዳሽ ተወካይ ቢሮ በኢሜይል ላኪ።