የተሰበረ ሲኒ በወርቅ ስለመጠገን፦ «ኪቱን ልግዛ ወይስ ሙያውን ልማር?» ላልሽው

ሰላም እህቴ። ከእናትሽ ሲኒዎች ሁለቱ እንደተሰበሩ፣ አንዱ ከንፈሩ ላይ እንደተሸረፈ፣ የጀበናውም አንገት እንደተቆረጠ ጽፈሻል። ከኢንተርኔት ርካሹን የኪንትሱጊ (የተሰበረ ሸክላን በወርቅ የመጠገን የጃፓን ሙያ) ኪት፣ ማለትም የመሥሪያ ዕቃዎች ጥቅል፣ ገዝተሽ ልትጀምሪ ነው ወይስ ሙያውን በወጉ ልትማሪ፣ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል፣ በተጠገነውስ ቡና ይጠጣበታል ወይ ነው ጥያቄሽ። ጃፓን፣ ኪዮቶ እኖር በነበረበት ጊዜ ከአንዲት ባለሙያ ዘንድ ተምሬ እስከዛሬ እየሠራሁበት ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

ለጊዜው ወርቁን እርሺው። ሥራው በሙሉ ማለት ይቻላል ኡሩሺ ነው፤ ከዛፍ ቅርፊት ተበጥቶ የሚወጣ ወተታም ፈሳሽ። የሚያጣብቀውም፣ ሽራፊውን የሚሞላውም፣ ላዩን የሚቀባውም እሱ ነው። ወርቁ መጨረሻ ላይ የሚነሰነስ ስስ ልባስ ነው። አንድ ዛፍ ለመበጣት ከ10 እስከ 15 ዓመት ማደግ አለበት፤ የሚሰጠውም 200 ግራም ያህል ብቻ ነው። የጃፓኑ ምርት በአብዛኛው ኢዋቴ ከሚገኘው ከጆቦጂ አካባቢ ይመጣል፣ ዋጋውም ውድ ነው። ጃፓኖች ራሳቸው የሚጠቀሙበት ብዙው ከቻይና የሚገባ ስለሆነ አንቺም በእሱ ብትጀምሪ ምንም አይጎድልብሽም።

በርካሾቹ ኪቶች ውስጥ ያለው ኢፖክሲ የሚባለው ሰው ሠራሽ ማጣበቂያና ወርቅ የሚመስል የናስ ዱቄት ነው። ለአበባ ማስቀመጫ ይሁን። ለሲኒ ግን አልመክርሽም፤ አብዛኛው ኢፖክሲ ምግብና ትኩስ መጠጥ እንዲነካው ተብሎ የተሠራ አይደለም፣ ናሱም ውሎ አድሮ ይጠቁራል። ቡና ልትጠጪበት ከሆነ እውነተኛውን ኡሩሺና እውነተኛውን ወርቅ ያዢ። በደንብ የደረቀ ኡሩሺ ለምግብ ዕቃ ችግር የለውም፤ ጃፓኖች ሾርባቸውን የሚጠጡት በእሱ በተቀባ የእንጨት ሳህን ነው።

እርጥቡ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ አደራ። ኡሩሺዮል የተባለ ንጥረ ነገር ስላለበት ቆዳን ያሳክካል፣ ያሳብጣል፣ ውሃ ያስቋጥራል። ዛፉ የማንጎ ዘመድ ነው፤ የማንጎ ልጣጭ ከንፈርሽን የሚያሳክክሽ ከሆነ በጣም ተጠንቀቂ። ጓንትና ረጅም እጅጌ የግድ ነው። ቆዳሽን ከነካሽ መጀመሪያ በምግብ ዘይት ጠርገሽ ከዚያ በሳሙና ታጠቢ። ዕቃውን በአኳራጅ አጽጂ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የስባሪውን ጠርዝ በአልማዝ ሞረድ በስሱ ታሻክሪዋለሽ፤ ሲኒ ለስላሳ ስለሆነ ካልሻከረ በደንብ አይይዝም። ከዚያ የስንዴ ዱቄት በውሃ ለውሰሽ ለስለስ ያለ ሊጥ ሲሆን ጥሬ ኡሩሺ በእኩል መጠን ጨምረሽ ክር እስኪስብ ድረስ ታሺዋለሽ። በሁለቱም ጠርዝ በስሱ ቀቢና ትንሽ ጠብቂ፤ እጅ ላይ መጣበቁ ሲቀንስ ግጠሚውና በወረቀት ፕላስተር እሰሪው። ሁለት ሳምንት አትንኪው፤ ሦስት ቢሆን ይመረጣል። ሽራፊው የሚሞላው ቶኖኮ በተባለ ደቃቅ የድንጋይ ዱቄትና በኡሩሺ ነው። ስስ ስስ እያደረግሽ ደራርቢ፣ በየመሃሉ በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት አስተካክዪ። ወፍራም ከቀባሽ ላዩ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ከዚያ ጥቁር ኡሩሺ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ይፋቃል፤ ደግሞ ይቀባል። ከመጀመሪያው እስከ ወርቁ ሁለት ሦስት ወር አስቢ።

ጀማሪን የሚያስቸግረው አደራረቁ ነው። ኡሩሺ እንደ ቀለም ውሃው ተንኖ አይደርቅም። በውስጡ ያለው ኢንዛይም ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ነው የሚያጠነክረው፤ ለዚህ ደግሞ እርጥበትና ሙቀት ይፈልጋል። እርጥበቱ ከ70 እስከ 85 በመቶ፣ ሙቀቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ስላለሽ በበጋ ፀሐይ ላይ አውጥተሽ ብትጠብቂ ለወራት ተጣባቂ ሆኖ ይቆያል። ክዳን ያለው ሣጥን ውስጥ እርጥብ ጨርቅ አንጥፊ፣ ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ጨምሪ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ አስቀምጪለት። ገልፍ፣ አረብ አገር ያላችሁ አንባቢዎችም እንደዚሁ፤ ኤሲ አየሩን ያደርቀዋል።

ወርቁ ጋ ስትደርሺ በቀይ ኡሩሺ ስንጥቁን በቀጭን ብሩሽ ተከትለሽ ታሰምሪያለሽ፤ በጣም ስስ ይሁን። ከዚያ መቼ እንደምትነሰንሺ ማወቅ አለብሽ። ቶሎ ከሆነ ኡሩሺው ወርቁን ይውጠዋል፤ ከዘገየሽ አይይዝም። መምህሬ እፍ እያለች ነበር የምታየው፤ ትንፋሿ መስመሩ ላይ ሰማያዊ ጉም ጣል ካደረገ ሰዓቱ ነው። ለመጀመሪያ ኬሺፉን የሚባለውን ደቃቁን የወርቅ ዱቄት ግዢ፤ በሐር ጥጥ ቀስ እያልሽ ታለብሺዋለሽ፣ ማወልወልም አያስፈልገውም። መስመሩ ከስንጥቁ አይውጣ። ጃፓናዊው የጥበብ ሰው ሆናሚ ኮኤትሱ (1558–1637) የሠራውና «ሴፖ» የተባለው የሻይ ሳህን ሲተኮስ ተሰንጥቆ በወርቅ ተሞልቷል፤ ወርቁ እሳቱ በከፈተለት መንገድ ብቻ ነው የሄደው። የዛሬ ሰዎች ለማሳመር ብለው የሚጨምሩት ቅርንጫፍ እኔን ቅር ይለኛል።

ስለዚህ ምክሬ፦ ከእናትሽ ሲኒ አትጀምሪ። ከገበያ ተራ ሲኒ ገዝተሽ ስበሪና ያለ ወርቅ በጥቁር ወይም በቀይ ኡሩሺ ጨርሺው። ያም ራሱን የቻለ ጥገና ነው፣ ይጠጣበታል። የእናትሽን ስብርባሪ አሁን አጥበሽ ደቃቁን ሳይቀር በወረቀት ጠቅልለሽ አስቀምጪ፤ ሱፐር ግሉ አጠገቡ አይድረስ፣ ኋላ ማስለቀቁ ያስመርራል። ከተጠገነ በኋላ በእጅ ብቻ ይታጠብ፣ ማይክሮዌቭና ፀሐይ አይንካው።

ጀበናው ግን አይሆንም። ኡሩሺ የከሰል እሳት አይችልም፤ ይቃጠላል። አንገቱን ገጥመሽ መደርደሪያ ላይ ልታስቀምጪው ትችያለሽ፤ ለማፍላት ሌላ ግዢ።