ላፕቶፑ የራሴ ነው፣ ኢሜሌ ለምን ሁሌ ፓስወርድ ይጠይቀኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ቤቴ ሆኜ ለተለያዩ ሰዎች የሂሳብ ሥራ እሠራለሁ፣ ላፕቶፑም የራሴ ነው። ግን ኢሜሌ "ስቴይ ሳይንድ ኢን" (እንደገባሁ ልቆይ) የምትለዋ ሳጥን ላይ ራይት አድርጌ ገብቼ እንኳ ማታ ዘግቼው ጠዋት ስከፍተው እንደገና ፓስወርድ አስገቢ ይለኛል። ፓስወርዱ ረጅም ስለሆነ ሁሌ ከደብተር እያየሁ ነው የምጽፈው፣ በጣም ሰለቸኝ። ኮምፒውተር የሚሠራልኝ ልጅ ደግሞ ክፍት ሆኖ መቀመጡ አደጋ አለው አለኝ። ምን ይሻለኛል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህታችን፣ አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም። ኢሜልሽ ውስጥ ስትገቢ ብሮውዘርሽ (ኢንተርኔት የምትከፍቺበት ፕሮግራም) ላይ ኩኪ የሚባል ትንሽ መረጃ ይቀመጣል፣ ስብሰባ ላይ በር ላይ አንዴ ተመዝግበሽ እንደሚሰጥሽ ባጅ በይው፣ ባጁ አንገትሽ ላይ እስካለ ድረስ ብትወጪም ብትገቢም ማንም አይጠይቅሽም። ጠዋት ጠዋት የምትጠየቂው ማታ ባጁን የሚያጠፋብሽ ነገር ስላለ ነው።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የማጽጃ ፕሮግራም ነው፣ ኮምፒውተር ሲፎርማት "ፍጥነት እንዲጨምር" ተብሎ ብዙ ጊዜ አብሮ ይጫናል፣ እና ቆሻሻ ብሎ ኩኪውን ጠርጎ ያወጣዋል። ካለ ከፍተሽ ኩኪ የሚለው ላይ ያለውን ራይት አንሺ። ከሌለ ብሮውዘሩን እዪ፣ ክሮም ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዛ ሳይት ሴቲንግስ ግቢና ወደ ታች ወርደሽ "አዲሽናል ኮንቴንት ሴቲንግስ" ውስጥ "ኦን ዲቫይስ ሳይት ዳታ" የሚለውን ክፈቺ፣ መስኮቶቹ በሙሉ ሲዘጉ ዳታ ይጥፋ የሚለው ተመርጦ ከሆነ ቀይሪው። ፋየርፎክስም ፕራይቬሲው ጋ ሲዘጋ ኩኪ የሚያጠፋ ተመሳሳይ ሳጥን አለው። በኢንኮግኒቶ የምትከፍቺ ከሆነ ግን ሌላ ምክንያት አትፈልጊ፣ እሱ ሲዘጋ ሁሉንም እንዲረሳ ነው የተሠራው።

ልጁ ያለሽም እውነት ነው፣ ግን መፍትሔውን አልነገረሽም። ኢሜልሽ ክፍት ከሆነ ላፕቶፕሽን የከፈተ ሰው የደንበኞችሽን ወረቀት ማየት ብቻ አይደለም፣ ሌላ ቦታ ያሉሽን አካውንቶች "ፓስወርዴን ረሳሁ" ብሎ መቀየሪያው ሊንክ እዛው ኢሜልሽ ላይ ስለሚመጣለት ሁሉንም ሊወስድብሽ ይችላል። ስለዚህ ላፕቶፑ ራሱ ፓስወርድ ይኑረው፣ ቡና ለማፍላት ስትነሺም ዊንዶውስ ከሆነ የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ይዘሽ ኤልን ተጫኚ፣ ወዲያው ይቆለፋል። ልጆች የሚጠቀሙበት ከሆነ ለነሱ ለብቻ ዩዘር ክፈቺላቸው።

በጣም አደራ የምልሽ ግን ክራክ የተደረገ፣ ማለት ሳይገዛ እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ሶፍትዌር ነገር ነው። በፍላሽ ከሰው ሰው የሚዞረው ክራክ ውስጥ ኩኪ የሚሰርቅ ቫይረስ ሊኖር ይችላል፣ ሌባው ባጅሽን ከወሰደ ደግሞ ፓስወርድም በስልክ የሚመጣ ኮድም ላይጠየቅ ይችላል፣ ምክንያቱም ባጁ "ይቺ ተጣርታ ገብታለች" የሚል ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከጠረጠርሽ ወይ ላፕቶፑ ከተሰረቀ በሌላ ኮምፒውተር ገብተሽ ፓስወርድ ቀይሪ፣ ጂሜይል ከሆነ ደግሞ ጉግል አካውንትሽ ሴኩሪቲ ውስጥ "ዩር ዲቫይስስ" የሚል አለ፣ እዛ የማታውቂውን ወይ የጠፋብሽን ዕቃ መርጠሽ ሳይን አውት አድርጊው። ኢንተርኔት ካፌ ወይ ሰው ቢሮ ላይ ከፍተሽ ረስተሽ የወጣሽም ከሆነ በዚሁ ይዘጋል።

ከተስተካከለልሽ በኋላ ደብተሩን እንዳትጥዪው። ክሮም ከ2022 ጀምሮ ሳይታደስ የቆየን ኩኪ ከ400 ቀን በላይ አያስቀምጥም፣ ከዛ በፊትም ላፕቶፑ ሊበላሽ ወይ ሊፎርማት ይችላል፣ ያን ቀን ፓስወርዱ የግድ ያስፈልግሻል። ደብተሩን ከላፕቶፑ ቦርሳ አውጥተሽ ሌላ ቦታ ቆልፊበት፣ ኢሜሉ ላይ ያስመዘገብሽው ስልክ ቁጥርም አሁን የምትይዢው ሲም መሆኑን ዛሬውኑ እዪ።