«ኅትመት» ከየት መጣ? ከደብረ ብርሃን የንባብ ክበብ ጥያቄና መልስ

በደብረ ብርሃን የንባብ ክበባችን አባላት ስለ «ፐብሊኬሽን» እና ስለ አማርኛ አቻው የጠየቁኝ፣ ከነመልሱ፣ እነሆ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ «ፐብሊኬሽን» ከመነሻው ማተም ማለት ነበርን?

መልስ፦ አልነበረም። መነሻው የላቲኑ «ፑብሊካሬ» ሲሆን፣ ፍችውም የሕዝብ ማድረግ፣ ይፋ ማውጣት ነው፤ በሮማውያን ሕግ የአንድን ሰው ንብረት ለመንግሥት መውረስ እንኳ ከዚሁ በወጣ ስም ይጠራ ነበር። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የጉተንበርግ ማተሚያ ገና ሳይሠራ በመሆኑ፣ ስለ መጻሕፍት መታተም መነገሩ ኋላ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ «ኅትመት»ስ?

መልስ፦ እርሱ የመጣው በተቃራኒው በር ነው። የግእዙ «ኀተመ» ዘጋ፣ አሸገ፣ በማኅተም አጸና ማለት ሲሆን፣ የዐረብኛው «ኸተመ» የሥር ዘመዱ ነው። የላቲኑ ቃል ይገልጣል፤ የእኛው ያሽጋል። ሁለቱን ያገናኛቸው የሥራው መልክ ይመስለኛል፤ ቀለም የነካ ፊደል ወረቀት ላይ ሲጫን የሚተወው ምልክት፣ በነገሥታቱ ደብዳቤ ራስጌ ላይ ያርፍ ከነበረው ማኅተም እምብዛም አይለይምና። ለሕዝብ የማሳወቁን ሥራማ፣ በገበያ ቀን ነጋሪት እየተጎሰመ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲባል ስንሰማው ኖረናል። «ነጋሪት» ራሱ «ነገረ» ከሚለው የወጣ ስለሆነ፣ ለላቲኑ ቃል ከ«ኅትመት» ይልቅ እርሱ ይቀርባል። በ1934 ዓ.ም. አዋጅና ሕግ የሚወጣበት ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» ብሎ የሰየመው ሰው፣ በእኔ ግምት፣ የቃል ምሥጢር የገባው ነው።

ጥያቄ፦ ባንገታችን የምናስረው ማተብ ከማኅተም ጋር ዝምድና አለውን?

መልስ፦ የለውም። «ማዕተብ» የወጣው «ዐተበ»፣ ማለትም በመስቀል ምልክት አማተበ፣ ከሚለው ነው።

ጥያቄ፦ «ኅትመት»ን በየትኛው «ሀ» እንጻፈው?

መልስ፦ በብዙኃኑ ኀ። «ዕትም» የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ዐይኑ ዐ በሥሩ ስለሌለ እኔ «እትም» እላለሁ።

ጥያቄ፦ ከእኛ ከሸዋ ሰዎች በኅትመት ታሪክ ቀድሞ የሚነሣ ማን ነው?

መልስ፦ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው። በግእዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1513 በሮም የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው፤ አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ በዚያው ከተማ በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። አታሚዎቹ ግእዝ ማንበብ የማይችሉ፣ እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ደግሞ ማተም የማያውቁ ስለነበሩ፣ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ መረዳዳታቸውን ጽፈው ትተዋል። በማተሚያ ቤት ደጃፍ የፊደል ግድፈት ሲያርም የዋለ ሰው ይህን ሳይስቅ አያነብም። «አታሚ» እና «አሳታሚ» የሚለያዩትም በዚህ ነው፤ የመጀመሪያው በእጁ የሚሠራው፣ ሁለተኛው የሚያሠራው ነው። «ፐብሊሸር» የሚባለውም ሁለተኛው ነው።

ጥያቄ፦ በስልክ ብቻ የሚነበብ ጽሑፍ «ታተመ» ይባላልን?

መልስ፦ ሰዉ ይላል፤ አልከለክልም። ነገር ግን የሚጫን ቅርጽም የሚጫንበት ወረቀትም ስለሌለ፣ «ይፋ ሆነ» ወይም «ለንባብ በቃ» ብል እመርጣለሁ፤ በትርጉምም ለላቲኑ የሚቀርበው ይኸው ነው።