ፊቱ የሚሰምጥና ፍሬኑ የማይዝ አሮጌ ሞተር ሳይክል

ጥያቄ፦ የምነዳው አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ነው። ፍሬን ስይዝ ፊቱ እስከ ታች ይሰምጣል፤ ኮረኮንች ላይ ደግሞ ክንዴን ያደነዝዘኛል። ጋራዥ ወስጄው ፎርኩ (የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙት ሞላ ያለባቸው ቱቦዎች) ውስጥ የሞተር ዘይት ተሞላበት። መስመጡ ጥቂት ቀነሰ፣ ምቱ ግን ባሰ። የፊት ፍሬኑ የታምቡር ነው፤ ታምቡሩን ከውስጥ እየገፋ የሚይዘው ሸራ አዲስ ሆኖ ሳለ አጥብቄ ብጨምቅም በወጉ አይዝም። ዲስክ ላስገጥምለት?

መልስ፦ ዲስኩ ይቆይዎት። ሁለቱም ችግሮች ያለ ብዙ ወጪ ይስተካከላሉ።

በእነዚህ አሮጌ ፎርኮች ውስጥ ዘይቱ የሚያልፈው መጠናቸው በማይለወጥ ጠባብ ቀዳዳዎች ነው። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ዘይቱ ቶሎ ማለፍ ስለማይችል ፎርኩ ለቅጽበት ድርቅ ይላል፤ በወፈረ መጠን ደግሞ ይብሳል። 20ደብልዩ-50 የሞተር ዘይት ከ10ደብልዩ የፎርክ ዘይት (ቁጥሮቹ የውፍረት ደረጃ ናቸው) ከአራት እጥፍ በላይ ወፍራም ነው። ክንድዎን ያደነዘዘው ይኸው ነው። የሞተር ሳይክሉን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው፤ የዘይቱ ውፍረት የሚወስነው በምን ፍጥነት እንደሚሰምጥና እንደሚመለስ ብቻ ነው።

ስለዚህ አሮጌውን ዘይት አፍስሰው 10ደብልዩ የፎርክ ዘይት ያስገቡ። ካጡ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ውፍረቱ ተቀራራቢ ስለሆነ ይሠራል። የፊት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ፣ ፎርኩን የሚይዘው ላይኛው ማቀፊያ ላልቶ፣ የታችኛው ጠብቆ ሳለ የፎርኩን ክዳን ይፍቱ። ከሥሩ የተጨመቀ ሞላ ስላለ በእጅዎ ተጭነው ይያዙት፤ ፊትዎን ከላዩ ያርቁ። ዘይቱን ከሞሉ በኋላ አየሩ እንዲወጣ ፎርኩን አሥር ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ ያድርጉት። ከዚያ ሞላው ወጥቶ ፎርኩ እስከ ታች ተገፍቶ ሳለ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ያለውን በማስመሪያ ይለኩ። በሊትር ብቻ መሙላት አያስተማምንም፤ አሮጌ ዘይት ውስጡ ይቀራል። የመመሪያው ልክ ከሌለዎት ከ150 ሚሊ ሜትር ይጀምሩ። አሁንም ሲሰምጥ መጨረሻው ላይ የሚጋጭ ከሆነ ዘይቱን በ10 በ10 ሚሊ ሜትር ከፍ ያድርጉት፤ 150 የነበረው ልኬት 140 ይሆናል ማለት ነው። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ፎርኩ ይጣመማል።

ቀጥሎ ሞላው። የፊት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሳለ ቱቦው ላይ ከፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ ከሚያትመው የላስቲክ ቀለበት) አስጠግተው ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ይሰሩ፤ ጎማውን አውርደው ሞተር ሳይክሉ ላይ ይቀመጡ፤ በዝግታ ይውረዱና ምን ያህል እንደተገፋ ይለኩ። ከጠቅላላ እንቅስቃሴው ከሩብ እስከ ሲሶ ቢወርድ ደህና ነው፤ 180 ሚሊ ሜትር ለሚንቀሳቀስ ፎርክ ከ45 እስከ 60 ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ከሞላው ራስ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የተቆረጠ የቧንቧ ቁራጭ ከላይና ከታች ሮንዴላ አድርገው ይጨምሩ። ይህ ፊቱን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ሞላውን አያጠነክረውም፤ የደከመና ያጠረ ሞላ መለወጥ አለበት።

ፓራኦሊዮው የሚያፈስ ከሆነ ከመቀየርዎ በፊት ቱቦውን በጥፍርዎ ይዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ የዝገት ጉድጓድ ፓራኦሊዮው በሚመላለስበት ቦታ ላይ ካለ አዲሱም አይበረክትም። ሲገጥሙ የቱቦውን ጫፍ በላስቲክ ይጠቅልሉት፤ ስለታም ጠርዙ የፓራኦሊዮውን ከንፈር ይቆርጠዋል።

ወደ ፍሬኑ እንምጣ። አዲስ ሸራ ከታምቡሩ ጋር የሚገናኘው ብዙውን ጊዜ በከፊል ብቻ ነው። ሸራውን በጠመኔ ይቀቡት፣ ይግጠሙት፣ ጎማውን እያዞሩ ቀስ ብለው ይያዙ፣ ይፍቱት። ጠመኔው የተላጠበት ቦታ የሚሠራው ነው፤ እዚያ በብርጭቆ ወረቀት ያሹና ይድገሙ። ብናኙን በአየር አይንፉት፤ አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ሸራውን የሚከፍተው ካም ላይ ጥቂት ሙቀት የሚችል ግራሶ ይበቃል፤ ከበዛ ቀልጦ ሸራው ላይ ይደርሳል።

መልሰው ሲገጥሙ የጎማውን ፔርኖ (የመሐል ዘንግ) ዳዶ ሳያጠብቁ ጎማውን ያሽከርክሩ፣ ፍሬኑን አጥብቀው ይያዙ፣ እንደያዙ ዳዶውን ያጥብቁ። ሸራው ታምቡሩ መሐል የሚቀመጠው እንዲህ ነው፤ ብዙ መካኒኮች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። ፍሬኑ በተያዘበት ጊዜ የካሙ ክንድና ገመዱ ወደ 90 ዲግሪ መቅረብ አለባቸው። ክንዱን በካሙ ጥርስ ላይ አዙሮ ያለቀ ሸራ እንዲይዝ ማድረግ አደገኛ ነው፤ ካሙ ከልኩ አልፎ ጎማውን ሊቆልፈው ይችላል። ገመዱን በቀጭን ዘይት ያርሱ፤ የተበጣጠሰ ክር ካለው ይለውጡት። የእጀታው ጫፍ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ያህል መላላት ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ የእኔ የፊት ፍሬን ዲስክ ነው። እጀታው እንደ ስፖንጅ ይገባል፤ ደጋግሜ ስጨምቀው ይጠነክራል።

መልስ፦ ውስጡ አየር አለ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል፤ ዶት 4 ይሙሉ፣ በሲሊኮን ከተሠራው ዶት 5 ጋር ግን አይቀላቅሉት። አየሩን ከታች በኩል ካስወጡ በኋላ እጀታውን እንደተጨመቀ በላስቲክ አስረው ያሳድሩት፤ የቀሩት አረፋዎች ወደ ላይ ይወጣሉ። ጠዋትም ለስላሳ ከሆነ የፍሬን ዘይቱ የሚያልፍበት የላስቲክ ቱቦ እጀታው ሲጨመቅ እየተነፋ ይሆናል። አንድ ሰው እጀታውን ይያዝ፣ እርስዎ ቱቦውን በጣትዎ ይዳስሱ፤ ሲያብጥ ከተሰማዎት በብረት ክር በተጠለፈ ቱቦ ይቀይሩት። ዘይቱ ቀለም ስለሚልጥ የነዳጅ ታንከሩን በጨርቅ መሸፈን አይርሱ።