ብዕር ያለው ታብሌት ልግዛ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ የምኖር ተማሪ ነኝ። በእርሳስ የሰው ፊት እሥላለሁ። ያጠራቀምኩትን ብር ታብሌት ልግዛበት ወይስ ይቅርብኝ? እህታችሁ ነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከስክሪኑ በፊት ብዕሩን እዪ። ጫን ስትዪ መስመሩ ካልወፈረ፣ ቀለል ስታደርጊ ካልሳሳ፣ የጉንጭ ጥላ ከየት ይመጣል? በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ ዩኤስቢ ሲ አፕል ፔንስል (የአይፓድ ታብሌት ብዕር) ግፊት አይለይም። ሻጩ «ያው ነው» ቢልሽ እንዳትሰሚው። የሳምሰንግ ታብ ኤስ6 ላይት ብዕር ግን ከካርቶኑ ጋር አብሮ ይመጣል፣ ግፊት ይለያል፣ ቻርጅም አይፈልግም። እኔ ለአንቺ የምመርጠው እሱን ነው።

መስታወቱ መጀመሪያ ያንሸራትትሻል። የእኔ እጅ የረጋው ሻካራ ላስቲክ ከለጠፍኩበት በኋላ ነው። ሱቁ ውስጥ ቆመሽ አንድ ዓይን ሣዪበት። የሽፋሽፍቱ ጫፍ ቀጥኖ ካልወጣልሽ፣ ብርሽን ይዘሽ ውጪ።